የማይታየው ሠራዊት ከማን ጋር ነበር?

ከዐስር ሶላት በኋላ እኔ ዘንድ ከሚቀሩ ደረሶች አንዱ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ኪታቡን ካጠፈ በኋላ ከቦርሳው አንድ ያረጀ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አወጣና «ኡስታዝ፣ ከማርስ ስለመጡ ፍጡራን የሚያወራ ልብ ወለድ ነው። ይህን ማንበብ ገይብን መዳፈር ይሆናል እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። ሳላነበው ልፈርድበት አልወደድኩምና ተውሼው ሄድኩ። እንግሊዝኛዬ ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ ስለሆነ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። «የዓለማት ጦርነት» የተሰኘው ይህ ልብ ወለድ በመጀመሪያ በ1897 በመጽሔት ላይ በተከታታይ ወጣ፤ በ1898 ደግሞ በመጽሐፍ ታተመ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በታሪኩ ከለንደን ደቡብ ምዕራብ፣ ዎኪንግ በተባለች ከተማ አጠገብ በሚገኘው የሆርሴል ሜዳ ላይ አንድ ግዙፍ ሲሊንደር ከሰማይ ይወድቃል። ሰዉም ለማየት ይሰበሰባል። ከውስጡ የወጡት ፍጡራን ግን በሚያቃጥል ጨረርና በመርዝ ጭስ ይፈጁታል፤ ሦስት እግር ባላቸው ረጃጅም መኪኖች ላይ ሆነው ለንደንን ባዶ ያስቀሯታል። በዚያ ዘመን ዓለምን ያንቀጠቀጠው የእንግሊዝ መድፍ እምብዛም አይፈይድም። በመጨረሻ ወራሪዎቹ ማንም ሳይገጥማቸው በየቦታው ሞተው ይገኛሉ። የገደሏቸው በዓይን የማይታዩ ጀርሞች ናቸው። የሰው ልጅ ከእነዚህ ጀርሞች ጋር ሲታገል ስለኖረ ሰውነቱ ለምዷቸዋል፤ እንግዶቹ ግን ፈጽሞ አያውቋቸውም ነበር።

በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ቄስ አለ፤ በመከራው ጊዜ አእምሮውን የሚስት ደካማ ሰው ነው። የእኛ ሃይማኖት ሰው ባይሆንም እንኳ አማኝ እንዲህ ተደርጎ ሲሳል ደስ አላለኝም። ይሁን እንጂ ያው ደራሲ የጀርሞቹን ነገር ሲተርክ የፈጣሪን ጥበብ ሳያነሳ አላለፈም።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። ዑለማዎች ገይብን በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው «ገይብ ሙጥለቅ» ነው፤ ይህ አላህ (ሱ.ወ) ብቻ የሚያውቀው፣ ለምሳሌ እንደ ቂያማ ሰዓት ያለው ነው። ሁለተኛው «ገይብ ኒስቢ» ሲሆን ለአንዱ ተሰውሮ ለሌላው የሚገለጥ ነው። ከግድግዳው ማዶ ያለው ነገር ለእኔ ገይብ ነው፣ እዚያው ለተቀመጠው ሰው ግን አይደለም። ጀርም የዚህ የሁለተኛው ወገን ነው። አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ የተባለ የሆላንድ ጨርቅ ነጋዴ በ1670ዎቹ በገዛ እጁ በሠራት ትንሽ መነጽር በውሃ ጠብታ ውስጥ ሲንቀሳቀሱ እስኪያያቸው ድረስ ከሰው ዓይን የተሰወሩ ነበሩ። በሽታ እንደሚያመጡ የተረጋገጠው ደግሞ ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በፓስተርና በኮህ ዘመን ነው። ዌልስ በወጣትነቱ ባዮሎጂን የተማረው ይህ ዕውቀት ገና ትኩስ ሳለ ነው። ስለዚህ ልብ ወለድ መሆኑን አውቆ ያነበበ ሰው በእኔ አስተያየት ገይብን አልተዳፈረም።

ውድ አንባቢያን፣ የእኔን ልብ የያዘው ግን ሌላ ነገር ነው። ደራሲው ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ አውሮፓውያን በታዝማኒያ ደሴት ሕዝብ ላይ ያደረሱትን እልቂት ያነሳል፤ በማርሶቹ ላይ ለመፍረድ ለሚቸኩል ወገኑ የራሱን ሥራ ያሳስበዋል። (ታዝማኒያውያን ፈጽሞ ጠፉ ማለቱ ግን ስህተት ነው፤ ዘሮቻቸው ዛሬም አሉ።) መጽሐፉ በታተመበት በዚያው በ1898፣ በሴፕቴምበር ወር፣ ኦምዱርማን ላይ ከ10,000 የሚበልጡ ሱዳናውያን በጥቂት ሰዓት ውስጥ በመድፍና ማክሲም በተባለው መትረየስ አለቁ። ከእንግሊዝና ከግብፅ ጦር የሞቱት 50 አይሞሉም። ለእነዚያ ሱዳናውያን የደረሰላቸው ጀርም አልነበረም።

በእኛ አገር የሆነው ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። በ1887 ኢጣሊያኖች ምጽዋ ለሰፈረው ጦራቸው ከህንድ ከብት አስመጡ። ከከብቶቹም ጋር «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ ገባ፤ ስሙ የግብሩ ተቃራኒ ነው። አውቀው አመጡት ማለቴ አይደለም፣ እነርሱም አያዩትም ነበርና። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአገሪቱ ከብት ከመቶው ዘጠና ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ረሀብ ገባ፤ ረሀቡን ኮሌራና ፈንጣጣ ተከተሉት። አጼ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው ተጽፏል። ገበሬው መሬቱ እንኳ ቀረለት፤ በወተትና በሥጋ ብቻ የሚኖረው አርብቶ አደር ግን ከከብቱ ጋር ሁሉንም አጣ። ከ1888 እስከ 1892 ያለውን ዘመን አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉት ለዚህ ነው። ከሕዝቡ ሲሶው እንዳለቀ የሚገምቱ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። በዚሁ መሀል፣ በ1889፣ የአጼ ዮሐንስ መሞትና ረሀቡ መንገዱን ከፍተውለት የኢጣሊያ ጦር ወደ ደጋው ወጥቶ አሥመራን ያዘ። በዌልስ ልብ ወለድ የማይታየው ሠራዊት ወራሪውን ይገድላል፤ እዚህ ግን ለወራሪው በር ከፈተለት።

ይህን ለልጁ ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ኡስታዝ፣ ጀርምም የአላህ ፍጡር ከሆነ ለምን በእኛ ላይ ሆነ?» አለኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ልጅን አይቆጡበትም። የዐምዋስን ጧዑን ነገርኩት። በሂጅራ 18ኛው ዓመት በሻም ምድር የወረደው ያ ወረርሽኝ የገደለው ጠላትን ብቻ አልነበረም። አቡ ዑበይዳና ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል (ረ.ዐ) የሞቱት በእርሱ ነው። ከእነርሱ የበለጠ ማን አለን? በጧዑን የሞተ ሙስሊም ሸሂድ መሆኑም በሐዲስ መጥቷል። በመሆኑም በሽታ ማንን እንደገደለ አይቶ አላህ ከማን ጋር እንደሆነ መናገር አይቻልም። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ደግሞ ወደ ሻም ሲሄዱ የወረርሽኙን ወሬ ሰርግ ላይ ሰምተው፣ ከሶሓቦች ጋር ተማክረው ጓዛቸውን መለሱ። የማይታየውን ነገር በጥንቃቄ ያዙት እንጂ ምሥጢሩን እናውቃለን አላሉም።

ከብዙ ዘመን በኋላ በኢስታንቡል የሆነውንም ነገርኩት። የከብቱ በሽታ ከእኛ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ አፍሪካን አቋርጦ ደቡብ አፍሪካ ደርሶ ነበር። የዌልስ ታሪክ በመጽሔት ሊወጣ በተቃረበበት በ1897 መጀመሪያ ላይ ስመ ጥሩው ኮህ ራሱ ኪምበርሌይ ተቀምጦ መነሻውን ቢፈልግ አላገኘውም። በ1902 ግን ዓዲል ቤይ የተባለ የኦቶማን የእንስሳት ሐኪም ከፈረንሳዊው ሞሪስ ኒኮል ጋር ሆኖ ነገሩን ፈታው። ከታመመ ከብት የተወሰደውን ፈሳሽ ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጣሪያ አሳለፉት። ያለፈው ንጹሕ መሳይ ፈሳሽ ጤነኛውን ከብት አሳመመው። ኮህ ያላገኘው ለካ እርሱ በያዘው ማይክሮስኮፕ የማይታይ በመሆኑ ነው፤ ዛሬ ቫይረስ የምንለው ማለት ነው። ልጁ የዓዲል ቤይን ስም በደብተሩ ላይ ጻፈ።

ኋላም ዋልተር ፕላውራይት የተባለ እንግሊዛዊ ኬንያ ውስጥ ሠርቶ ጥሩ ክትባት አገኘለት። የመጨረሻው በሽታ በ2001 እዚያው ኬንያ ታየ፤ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። የቀረው በየላቦራቶሪው የተቀመጠው ናሙና ነበር። ከእነዚህ ላቦራቶሪዎች አንዱ የእንግሊዙ ፒርብራይት ተቋም ሲሆን፣ በ2019 የያዘውን የመጨረሻ ናሙና አቃጠለ። በካርታ ላይ ፈልጌ ለልጁ አሳየሁት። ፒርብራይት ከዎኪንግ፣ የማርሶቹ ሲሊንደር ከወደቀበት ከሆርሴል ሜዳ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚርቅ መንደር ነው።