አዲስ የቫይረስ ዝርያን የሚለይ ምርመራ፤ ታሪካዊ አመጣጡና ለሳይንስ ትምህርት ያለው ፋይዳ

መግቢያ

በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባን የመታው ወረርሽኝ በሕዝብ ዘንድ «የኅዳር በሽታ» በመባል ይታወቃል። የታሪክ ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት በከተማይቱ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው አልቋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ በየደጃፉ እየተሰበሰበ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የተባለው ልማድም ከዚያ ዘመን መከራ ጋር ተያይዞ ይነገራል። በሽታው በዚያው ጊዜ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ይሁን እንጂ ምንነቱን በምርመራ ለይቶ ሊናገር የሚችል ቤተ ሙከራ በአዲስ አበባ ቀርቶ በለንደንም ሆነ በኒውዮርክ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የምርመራ ጥበብ እጅግ ተራምዷል። ሆኖም ከጥበቡ ጋር አብሮ የኖረ አንድ ችግር አለ። ማንኛውም ምርመራ የሚሠራው ከታወቀ ነገር ተነሥቶ ነው። ቫይረስ ግን ጠባዩን ይለውጣል። ታዲያ በታወቀው ላይ የተመሠረተ ምርመራ ከዚህ በፊት ያልታየውን እንዴት ሊለይ ይችላል? የዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው በምርመራው ታሪክ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

«አልተገኘም» የሚለው መልስ የተናቀበት ዘመን

በ1892 ጀርመናዊው ሊቅ ሪቻርድ ፋይፈር የኢንፍሉዌንዛ መንሥኤ አንድ ባክቴሪያ መሆኑን አስታውቆ ነበር። የ1918 ወረርሽኝ በደረሰ ጊዜም በየአገሩ ያሉ ቤተ ሙከራዎች ይህንኑ ባክቴሪያ ይፈልጉ ጀመር። በአንዳንድ ሕመምተኞች ላይ ተገኘ፤ በብዙዎች ላይ ግን ጠፋ። ባክቴሪያውን ያጡ መርማሪዎች ብዙውን ጊዜ የራሳቸውን አሠራር ይጠራጠሩ ነበር እንጂ የሚፈልጉት ነገር የበሽታው መንሥኤ ላይሆን እንደሚችል አጥብቀው የጠየቁት ጥቂቶች ነበሩ።

ትክክለኛው መንሥኤ የታወቀው በ1933 ነው። በለንደን ዊልሰን ስሚዝ፣ ክሪስቶፈር አንድሩስና ፓትሪክ ሌይድሎ ከሕመምተኛ ጉሮሮ የተወሰደውን እጣቢ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጣርተው ፌሬት በተባሉ ትናንሽ ሥጋ በል እንስሳት አፍንጫ ውስጥ አንጠባጠቡት። እንስሳቱም ታመሙ። በመሆኑም መንሥኤው ከባክቴሪያ እጅግ ያነሰ ቫይረስ መሆኑ ተረጋገጠ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1940፣ አሜሪካዊው ቶማስ ፍራንሲስ የኢንፍሉዌንዛ ምልክት ካለው ሕመምተኛ ያገኘው ቫይረስ ቀድሞ የታወቀውን በሚያግድ ፀረ እንግዳ አካል የማይገታ ሆኖ አገኘው። ፍራንሲስ ይህን እንደ ስሕተት አልቆጠረውም፤ ሌላ ዓይነት መሆኑን ተረዳ። የመጀመሪያው «ኤ»፣ ሁለተኛው «ቢ» ተባሉ።

የኸርስት ምርመራ

ፌሬት ማርባት ብዙ ወጪና ጊዜ ስለሚጠይቅ በእንስሳት የሚደረገው ምርመራ ለሰፊ ሥራ የሚመች አልነበረም። መፍትሔው የመጣው በ1941 ነው። በኒውዮርክ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ኸርስት ቫይረሱን ያራባ የነበረው ጽንስ በያዘ የዶሮ እንቁላል ውስጥ ነበር። አንድ ጊዜ የጽንሱ የደም ሥር ተበጥሶ ደሙ ቫይረስ ካለበት ፈሳሽ ጋር ሲቀላቀል ቀይ የደም ሕዋሳቱ እርስ በርሳቸው ሲጣበቁ ተመለከተ። በካናዳም ሌሎች ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ይህንኑ ለየብቻቸው ደርሰውበታል።

የምርመራው አሠራር ቀላል ነው። ቫይረስ የሌለበት ቀይ የደም ሕዋስ በሙከራ ቱቦ ሥር ዘቅጦ እንደ ቁልፍ ያለ ክብ ነጥብ ይሠራል። ቫይረስ ካለ ግን ሕዋሳቱ ተያይዘው እንደ መረብ ስለሚዘረጉ ነጥቡ አይታይም። በዚህ ላይ ከደም ተለይቶ የሚወጣው ጠራ ያለ ፈሳሽ፣ ማለትም ሴረም፣ ሲጨመር፣ በውስጡ ለዚያ ቫይረስ የሚስማማ ፀረ እንግዳ አካል ካለ መጣበቁ ይታገዳል፤ ነጥቡም ተመልሶ ይታያል። ሴረሙ በየደረጃው በእጥፍ እየቀጠነ ይሞከራል። ለምሳሌ አንድ ሴረም የአምናውን ቫይረስ 640 ጊዜ ቀጥኖ እያገደ የዘንድሮውን ከ20 ጊዜ በላይ ሲቀጥን ማገድ ካቃተው፣ ቫይረሱ መልኩን እንደ ለወጠ ይታወቃል። ምርመራው አዲሱን የሚለየው አዲሱን በማወቁ ሳይሆን አሮጌው መሣሪያ በእርሱ ላይ በመድከሙ ነው።

የ1947 ትምህርትና የ1957 ፈተና

የዚህ ዕውቀት ዋጋ በ1947 ተገለጠ። በአሜሪካ በ1946 መጨረሻ የተሰጠው ክትባት በቀጣዩ ዓመት የተነሣውን ኢንፍሉዌንዛ ሊከላከል አልቻለም፤ የተከተቡትም ያልተከተቡትም በተመሳሳይ መጠን ታመሙ። በቤተ ሙከራ ሲመረመር ቫይረሱ ክትባቱ ከተሠራባቸው ዝርያዎች እጅግ የራቀ ሆኖ ተገኘ። ቫይረሱ ስለሚለዋወጥ አንድ አገር ብቻውን ሊከታተለው እንደማይችል ግልጽ ሆነ። በ1940ዎቹ መጨረሻ በለንደን የዓለም የኢንፍሉዌንዛ ማዕከል የተቋቋመውና በ1952 የዓለም ጤና ድርጅት የየአገሩን ቤተ ሙከራዎች የሚያገናኝ የክትትል መረብ የዘረጋው ከዚህ ግንዛቤ በመነሣት ነው።

በሚያዝያ 1957 በዋሺንግተን በዋልተር ሪድ የጦር ሠራዊት የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ሞሪስ ሂለማን በሆንግ ኮንግ ሩብ ሚሊዮን ሰው መታመሙን ከጋዜጣ አነበበ። ወዲያውኑ ናሙና እንዲላክለት ጠየቀ። ናሙናው በግንቦት ከደረሰ በኋላ ቫይረሱን ከብዙ ሰዎች ከተሰበሰበ ሴረም ጋር ፈተነው። የሚያግደው አልተገኘም ማለት ይቻላል። ከዕድሜ ጠገብ አረጋውያን የጥቂቶቹ ሴረም ብቻ አገደው፤ እነዚህም በ1889 እና በ1890 በነበረው ወረርሽኝ በልጅነታቸው ተመሳሳይ ቫይረስ ሳያገኛቸው እንዳልቀረ ተገመተ። እንግዲህ የዓለም ሕዝብ በአመዛኙ መከላከያ አልነበረውም ማለት ነው።

በዚህ መነሻ የክትባት ሥራ በአስቸኳይ ተጀመረ፤ በዓመቱ መጨረሻም በአሜሪካ 40 ሚሊዮን ያህል ክትባት ተዘጋጀ። ይሁንና ወረርሽኙ በጥቅምት ሲበረታ ክትባቱ ገና ለብዙው ሰው አልደረሰም ነበር። በዓለም ዙሪያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። ምርመራው ፈጥኖ ቢያስጠነቅቅም የፋብሪካና የማከፋፈያ ሥራ እኩል መራመድ ነበረበት።

ከደም ሕዋስ ወደ ዘረ መል

በ1983 ካሪ መሊስ የፀነሰው ፒ.ሲ.አር. የተባለው ዘዴ ምርመራውን ወደ ቫይረሱ ዘረ መል አወረደው። ዘዴው ከሚፈለገው ዘረ መል ጋር ልክ በልክ የሚገጥሙ አጫጭር ቁራጮችን በመጠቀም ያንን ክፍል ደጋግሞ ያባዛል። ጥንካሬውም ድካሙም ይኸው ነው፤ የሚገጥመው ቦታ ከተለወጠ ምርመራው ላያየው ይችላል።

በጥር 2020 የኮሮና ቫይረስ ዘረ መል ቅደም ተከተል ይፋ በሆነ በቀናት ውስጥ ምርመራው ተነደፈ። ከምርመራዎቹ አንዱ የቫይረሱን ሦስት ቦታዎች በአንድነት ይፈልግ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ በእንግሊዝ አገር ሁለቱ ቦታዎች እየተገኙ የሾሉን ክፍል የሚያመለክተው ሦስተኛው የሚጠፋባቸው ናሙናዎች በዙ። ምክንያቱ ሲመረመር ከዘረ መሉ ስድስት ፊደላት መጉደላቸው ታወቀ፤ ቫይረሱም በኋላ «አልፋ» የተባለው ዝርያ ነበር። በኅዳር 2021 በደቡብ አፍሪካ ተመሳሳይ ጉድለት ኦሚክሮንን ለመለየት ረዳ። ይሁን እንጂ ከኦሚክሮን ቅርንጫፎች አንዱ ያ ጉድለት ስላልነበረበት ምልክቱ መልሶ አገልግሎት አጣ። የምልክቱን ትርጉም ለማረጋገጥም ሆነ የጠፋውን ለመተካት ሙሉውን ዘረ መል ማንበብ የግድ ነበር።

ማጠቃለያ

በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኮሮና ተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልኮ ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ መገኘቱ ሲገለጽ ግን ምርመራው በአገር ውስጥ ይሠራ ነበር። የኅዳር በሽታ ስም አልባ ሆኖ ካለፈበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ሆኖም መሣሪያ ብቻውን አዲስ ነገርን አይለይም፤ የመሣሪያውን ዝምታ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል።

ይህን ሰው የሚያዘጋጀው ትምህርት ቤት ነው። በብዙ ክፍሎች ውስጥ የሙከራ ውጤት ከመጽሐፉ ጋር ካልተስማማ «ተሳስተሃል» ተብሎ ይታለፋል። ለምሳሌ ስታርች አለበት በተባለ ምግብ ላይ አዮዲን ሲጨመር የሚጠበቀው ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ካልታየ፣ ተማሪው ውጤቱን ሰርዞ ከጓደኛው ይገለብጣል። መምህሩ ግን ሦስት ጥያቄዎች ሊያስጠይቀው ይችላል። አሠራሩ ትክክል ነበርን? አዮዲኑ ስታርች መሆኑ በተረጋገጠ ነገር ላይ ሲሞከር ይሠራልን? ሁለቱም ትክክል ከሆኑ፣ የተመረመረው ነገር ከታሰበው የተለየ ይሆንን? በ1918 ብዙዎች ከመጀመሪያው ጥያቄ አላለፉም፤ ፍራንሲስና ሂለማን ሦስተኛውን ጠየቁ። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ያልተጠበቀ ውጤትን በሐቅ መዝግቦ ምክንያቱን ለሚመረምር ተማሪ ነጥብ የሚሰጥበትን መንገድ በቤተ ሙከራ መመሪያዎች ውስጥ ቢያካትቱ ወጪው አነስተኛ፣ ጥቅሙ ግን የብዙ ሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል።