የማተርሆርን ተራራ አፈጣጠርና ተፈላጊነት

በስዊዘርላንድና በጣሊያን ድንበር ላይ የሚገኘው የማተርሆርን ተራራ ከባህር ወለል በላይ 4 ሺህ 478 ሜትር ከፍታ አለው። በአልፕስ ተራሮች ሰንሰለት በከፍታ የሚበልጡት ተራሮች ቢኖሩም፣ አራት ገጽ ባለው የፒራሚድ ቅርጹ የተነሳ በዓለም ዙሪያ ታዋቂነትን አትርፏል። ጣሊያኖች ቼርቪኖ በማለት ይጠሩታል።

የሥነ ምድር ጥናቶች እንደሚያመለክቱት የአልፕስ ተራሮች የተፈጠሩት በአፍሪካ በኩል የነበረው የመሬት ቅርፊት ከአውሮፓ ጋር በመጋጨቱ ነው። በመካከላቸው የነበረው የጥንቱ ቴቲስ ውቅያኖስ ሲዘጋ፣ የወለሉ አለቶች ታጥፈውና ተጨምቀው ወደ ላይ ወጥተዋል። በዚህም ምክንያት ከማተርሆርን ግርጌ የውቅያኖስ ወለል አለቶች ሲገኙ፣ የላይኛው ክፍል ግን ናይስን በመሳሰሉ የአህጉር አለቶች የተገነባ ነው። የተራራው ጫፍ ከአፍሪካ የመጣ ነው እየተባለ የሚነገረውም ከዚሁ የመነጨ ሲሆን፣ በትክክል ሲገለጽ አለቱ ከአፍሪካ ጋር ተያይዞ የነበረው አድሪያ የተባለው አነስተኛ አህጉራዊ ክፍል አካል ነው። የዛሬውን ሹል ቅርጽ ያስገኙት ተራራውን ከየአቅጣጫው የሸረሸሩት የበረዶ ግግሮች ናቸው።

ከተራራው ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረሰው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 14 ቀን 1865 በእንግሊዛዊው ኤድዋርድ ዊምፐር የተመራው የሰባት ሰዎች ቡድን ባደረገው ጉዞ ነው። ቡድኑ ሲመለስ ገመድ ተበጥሶ አራቱ ሕይወታቸውን አጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1871 ሉሲ ዎከር ከጫፉ የደረሰች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች።

ተራራው በግርጌው ለምትገኘው ለዘርማት ከተማ ዋነኛ የቱሪዝም መስህብ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች የማይገቡባት ዘርማት፣ እ.ኤ.አ. በ1898 ሥራ በጀመረው የጎርነርግራት የባቡር መስመር አማካይነት ጎብኚዎች ተራራውን ከፊት ለፊት እንዲመለከቱ ታደርጋለች።

ይሁን እንጂ የአየር ሙቀት መጨመር በተራራው ላይ ስጋት ፈጥሯል። በአለቱ ስንጥቆች ውስጥ ያለው በረዶ አለቱን እንደ ማያያዣ የሚይዝ በመሆኑ፣ ሲቀልጥ የአለት መደርመስ ያስከትላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የበጋ ሙቀት ወቅት በሄርንሊ ሸንተረር ላይ በደረሰ መደርመስ ተራራ ወጪዎች በሄሊኮፕተር እንዲወጡ ተደርጓል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በዚሁ ሸንተረር ላይ መሣሪያዎችን በመትከል የአለቱን ሙቀትና እንቅስቃሴ ሲለኩ ቆይተዋል፤ የልኬቱ ዓላማም አደጋን አስቀድሞ ለመገመት የሚያስችል እውቀት ማግኘት ነው።