የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ተቋርጧል፤ አሮጌ ላፕቶፕ ያላችሁ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

ላፕቶፓችሁን ስትከፍቱ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ማብቃቱን የሚናገር መልእክት መጥቶባችሁ ዘግታችሁት አልፋችኋል? ብዙ ሰው የሚያደርገው እንደዚያ ነው። ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ወርዱ ይከፈታል፣ ፊልሙም ያጫውታል። ታዲያ ምን ተበላሸ?

የተበላሸ ነገር የለም፤ የቆመ ነገር ግን አለ። ማይክሮሶፍት ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም (በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር 14, 2025) ጀምሮ ለዊንዶውስ 10 ለሁሉም በነፃ ይልከው የነበረውን የደህንነት አፕዴት አቁሟል። በዚያው ቀን የኦፊስ 2016 እና የኦፊስ 2019 ድጋፍም አብቅቷል።

እዚህ የምታገኙት አራት ነገር ነው፦ የቆመው ምን እንደሆነ፣ የእናንተ ላፕቶፕ የት እንደሚመደብ፣ ምን አማራጭ እንዳላችሁ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ደግሞ መጀመሪያ ምን ማየት እንዳለባችሁ። በኋላ ስለሚያስፈልጋችሁ ሴቭ አድርጉት።

📌 የቆመው ምንድን ነው?

ዊንዶውስ 10 የወጣው በአውሮፓውያኑ ጁላይ 29, 2015 ነው። ለአሥር ዓመት ያህል ማይክሮሶፍት በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ ላይ የጥገና አፕዴት ሲልክለት ቆይቷል። እነዚህ አፕዴቶች ብዙዎቻችን ዳታ በላብን ብለን የምናጠፋቸው ናቸው። ሥራቸው ግን ሶፍትዌሩ ውስጥ የተገኙ ቀዳዳዎችን መድፈን ነው።

አሁን ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ብዙ የሚጋሩት ክፍል አላቸው። ለ11 አንድ ቀዳዳ ሲደፈን ሰርጎ ገቦች አፕዴቱን ፈትሸው ቀዳዳው የት እንደነበረ ማወቅ ይችላሉ። ያው ቀዳዳ 10 ላይም ካለ እዚያ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ማለትም አደጋው በአንድ ቀን የሚመጣ ሳይሆን በየወሩ የሚጠራቀም ነው።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። በሜይ 2017 «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ለመክፈቻ ገንዘብ ጠየቀ። እንግሊዝ ውስጥ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰው ነበር። የሚገርመው ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ያወጣው ከሁለት ወር በፊት፣ በማርች 2017 ነው። የተጠቁት ያንን አፕዴት ያልጫኑ ወይም ድጋፋቸው ያበቃ ኮምፒውተሮች ነበሩ።

«አንቲቫይረስ አለኝ እኮ» ልትሉ ትችላላችሁ። ጥሩ ነው፤ ማይክሮሶፍት ራሱ ለዊንዶውስ ዲፌንደር የቫይረስ መለያ መረጃ እስከ ኦክቶበር 2028 እንደሚልክ አስታውቋል። ግን አንቲቫይረስ ሌባውን በመልኩ የሚለይ ዘበኛ ነው። የተሰበረውን በር አይጠግንም።

📌 የእኔ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 11 ይችላል?

ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ሴኪዩር ቡት የሚችል ማሽን እና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። ብዙ ላፕቶፖችን የሚጥላቸው ግን ፕሮሰሰሩ ነው። ኢንቴል ከሆነ ከጥቂቶች በስተቀር 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ፣ ኤኤምዲ ራይዘን ከሆነ ደግሞ በአብዛኛው ከ2000 ተከታታይ ጀምሮ ያለው ነው የሚፈቀደው።

የእናንተን ለማወቅ፦

👉 ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት የሚለውን ክፈቱ። ፕሮሰሰር ከሚለው ጎን «ኢንቴል ኮር አይ5-6300ዩ» ዓይነት ጽሑፍ ታያላችሁ።

👉 ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ። ባለ አራት አሃዝ ሆኖ ከ2 እስከ 9 ባለው የሚጀምር ከሆነ የመጀመሪያው አሃዝ ጄኔሬሽኑ ነው። 6300 ማለት 6ኛ፣ 8250 ማለት 8ኛ ነው።

👉 በ1 የሚጀምር ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሃዞች አንብቡ። 10210 ማለት 10ኛ፣ 1135 ማለት 11ኛ ነው።

በስሌት መድከም ካልፈለጋችሁ ማይክሮሶፍት «ፒሲ ሄልዝ ቼክ» የሚባል ነፃ አፕ አለው። ያሟላል ወይም አያሟላም ብሎ ምክንያቱን ጭምር ይነግራችኋል።

አንድ ማስታወሻ፦ ፕሮሰሰራችሁ 8ኛ ጄኔሬሽን ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ አፕሊኬሽኑ «ቲፒኤም የለም» ካላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ጊዜ ቺፑ አለ፣ ግን ባዮስ ውስጥ ጠፍቶ ነው። የሚያውቅ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያበራዋል።

📌 አማራጭ 1፦ የሚችል ከሆነ ወደ 11 መሻገር

ዊንዶውስ 10 በሕጋዊ ፈቃድ የሚሠራ ከሆነ ወደ 11 መሸጋገር በነፃ ነው። ከሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት የሚለውን ከፍታችሁ መጀመር ትችላላችሁ። በዚህ መንገድ ከተሸጋገራችሁ ፋይላችሁም ፕሮግራማችሁም ቦታው ላይ ይቆያል። ፎርማት ማስደረግ ግዴታ አይደለም። ቢሆንም መጀመሪያ ዋና ዋና ፋይሎቻችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ዳውንሎዱ ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ በሞባይል ዳታ አትጀምሩት፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ፣ ቻርጀራችሁን ሰክታችሁ ጀምሩት። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ባትሪው የሚይዝ መሆኑንም አረጋግጡ።

📌 አማራጭ 2፦ የማይችል ከሆነ ተጨማሪ ጊዜ መውሰድ

ብዙ ሰው ያልሰማው ይህን ነው። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች «ኤክስቴንድድ ሴኪዩሪቲ አፕዴትስ» የሚባል ፕሮግራም አውጥቷል። የተመዘገበ ሰው እስከ ኦክቶበር 13, 2026 (ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም) ድረስ የደህንነት አፕዴት ያገኛል። መንገዱ ሦስት ነው፦ 30 ዶላር መክፈል፣ 1000 የማይክሮሶፍት ሪዋርድስ ነጥብ መጠቀም ወይም የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ባክአፕ ማድረግ።

ሦስተኛው በነፃ ነው። የውጭ ካርድ አይጠይቅም። የሚያስፈልጋችሁ የማይክሮሶፍት አካውንትና 22ኤች2 የሚባለው የመጨረሻው የዊንዶውስ 10 ቨርዥን ነው። ሴቲንግስ፣ አፕዴት ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ከዚያ ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ ስትገቡ የመመዝገቢያ ሊንክ ታያላችሁ። ካልታያችሁ መጀመሪያ የቀሩትን አፕዴቶች ጫኑና ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ። ባክአፑ የሚፈለገው ለሴቲንጉ ነው፤ ፎቶና ዶክመንታችሁን ሁሉ ወደ ኢንተርኔት መስቀል አይጠበቅባችሁም።

ልብ በሉ፣ ይህ የደህንነት ጥገና ብቻ ነው፤ አዲስ ነገር አይጨምርም። በቢሮ ኔትወርክ ሥር ያሉ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችንም አይመለከትም፤ እነሱ የሚስተናገዱበት ሌላ የክፍያ መንገድ አለ።

📌 አማራጭ 3፦ ሊኑክስ

6ኛ ወይም 7ኛ ጄኔሬሽን ላፕቶፕ ብረቱ ደህና ከሆነ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል። እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ ነፃ ሲስተም ብትጭኑበት አፕዴት እያገኘ ይቀጥላል። ብሮውዘር አለው፣ ቪዲዮ ያጫውታል፣ ሊብሬኦፊስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የወርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል። ራማችሁ አነስተኛ ከሆነ «ኤክስኤፍሲኢ» የሚባለውን ቀላሉን ምረጡ።

ጥሩው ነገር ሳትጭኑት መሞከር መቻላችሁ ነው። 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ታዘጋጁትና ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ታስነሳላችሁ። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ካሜራው መሥራቱን አይታችሁ ትወስናላችሁ። ያኔ ዊንዶውሳችሁ አይነካም። ጫን ስትሉት ግን ዲስኩን ሊያጠፋው ስለሚችል ከዚያ በፊት ፋይላችሁን ገልብጡ።

ለማን አይሆንም? በፒችትሪ የሂሳብ ሥራ ለሚሠራ፣ ፎቶሾፕ ወይም አውቶካድ ለእንጀራው ለሚፈልግ አይሆንም። እነዚህ በሊኑክስ በቀጥታ አይሠሩም። ፓወር ግዕዝም የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ያለ ችግር ይነበባል፤ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ የድሮ ሰነዶች ግን የማይነበብ ምልክት ሆነው ሊታዩ ይችላሉ።

📌 «ዊንዶውስ 11 አለው» ሲሏችሁ

ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ካሰባችሁ ይህን ክፍል ደግማችሁ አንብቡት። ሻጩ ከፍቶ ዊንዶውስ 11 ቢያሳያችሁ ላፕቶፑ መስፈርቱን ያሟላል ማለት አይደለም። ፍተሻውን አልፎ 11ን በማይፈቀድ ማሽን ላይ መጫን ይቻላል። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ያሉ ኮምፒውተሮች አፕዴት የማግኘት ዋስትና እንደሌላቸው በግልጽ ተናግሯል። ስለዚህ እናንተ የምትከፍሉት የ11 ዋጋ፣ የምታገኙት ግን የ10 ዕጣ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት፦

✅ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ከፍታችሁ የፕሮሰሰሩን ቁጥር ራሳችሁ አንብቡ። በላዩ የተለጠፈውን ስቲከር አትመኑ።

✅ የሞዴሉን ስም ብቻ ይዛችሁ አትወስኑ። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 እና ዴል ላቲቲዩድ ኢ7470 በ6ኛ ጄኔሬሽን የመጡ ናቸው። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 በአብዛኛው 8ኛ ነው፤ ግን 7ኛ ጄኔሬሽን ያለውም ቲ480 አለ።

✅ 4 ጊጋባይት ራም ለ11 ዝቅተኛው ነው፤ ለሥራ 8 ፈልጉ። ኤስኤስዲ መሆኑንም ጠይቁ።

✅ 6ኛ ወይም 7ኛ ጄኔሬሽን መግዛት ክልክል አይደለም። ግን ይህን እያወቃችሁ፣ ዋጋውን በዚያው ልክ ተከራክራችሁ ግዙ።

ከውጭ ዘመድ ላፕቶፕ ሊልክላችሁ ከሆነም ይችኑ የፕሮሰሰር ቁጥር አስቀድማችሁ ንገሩት። እዚያ «አሮጌ ነው» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ መስፈርቱን ያላሟላው ነው።

📌 ታብሌት ያላችሁስ?

ነገሩ ተመሳሳይ ነው። አንድሮይድ ታብሌት ከሆነ ሴቲንግስ ውስጥ አባውት ታብሌት ገብታችሁ የሴኪዩሪቲ አፕዴቱን ቀን ተመልከቱ። ቀኑ ዓመት ካለፈውና አዲስ አፕዴት ከሌለ የባንክና የቴሌብር አፕ ባትጭኑበት ይሻላል፤ ለንባብና ለቪዲዮ ተጠቀሙበት። አይፓድ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ በ2019 የወጣው 7ኛ ጄኔሬሽን አይፓድ አዲሱን አይፓድኦኤስ 26 እንደማይቀበል እወቁ።

📌 ለጊዜው 10 ላይ ለምትቆዩ

ሁሉም ሰው ዛሬውኑ መቀየር አይችልም፤ ይገባናል። እስከዚያው ቢያንስ እነዚህን አድርጉ፦

1. መመረቂያ ጽሑፋችሁን፣ ሲቪያችሁን፣ የደንበኛ ሥራችሁን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ሁልጊዜ ከኮምፒውተሩ የተነቀለ ይሁን። ቆላፊ ቫይረስ የተሰካ ሃርድ ዲስክንም አይምርም።

2. ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ የወጣ ፍላሽ ስካን ሳታደርጉ አትክፈቱ። ፎልደራችሁ ሾርትከት ሆኖ ካያችሁት አትጫኑት።

3. ብሮውዘራችሁን አፕዴት አድርጉ። ብሮውዘሩ አፕዴት እስካገኘ ድረስ አደጋው ይቀንሳል፤ አይጠፋም ግን።

4. «አንቲቫይረሱን አጥፋና ጫነኝ» ከሚል አክቲቬተርና ክራክ ራቁ። በሩን የምትከፍቱለት ራሳችሁ ናችሁ።

5. «ዊንዶውስህ አርጅቷል፣ እዚህ ጋ ተጫን» ብሎ ዌብሳይት ላይ ብቅ የሚል ማስታወቂያ የማይክሮሶፍት አይደለም። እውነተኛው አፕዴት የሚገኘው ሴቲንግስ ውስጥ ብቻ ነው።

ለማጠቃለል፦ ላፕቶፓችሁ አልሞተም፣ በድንጋጤም የምትሸጡት ነገር አይደለም። 8ኛ ጄኔሬሽን ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ 11 ተሻገሩ። ከዚያ በታች ከሆነ ዛሬውኑ በነፃው መንገድ ተመዝገቡና ያገኛችሁትን ጊዜ ሊኑክስን ለመሞከር ወይም ለሌላ ላፕቶፕ ለመቆጠብ ተጠቀሙበት። በዚህ ሳምንት ላፕቶፕ ሊገዛ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ብሩን ከመክፈሉ በፊት ላኩለት።