የግሸን ስንቅ

መስከረም 21 ቀን 2010 ዓ.ም. ማለዳ፣ ግሸን አምባ ላይ፣ ነጭ በለበሰው ምእመን መካከል ቁጭ ብዬ ከአዲስ አበባ ድረስ ተሸክሜው የመጣሁትን ድፎ ዳቦ ፈታሁ። ዳቦው የእናቴ ስለት ነበር። ደሴ ተወልዳ ያደገችው እናቴ በወጣትነቷ ግሸንን በእግሯ እየሄደች ተሳልማለች። ጉልበቷ ሲከዳት ስንዴውን አስፈጭታ፣ ዱቄቱን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ፣ «ደሴ ከእኅቴ ቤት ጋግሪውና ለነዳያን ቁረሽልኝ» ብላ ሰጠችኝ። እኔ ግን ለመንገድ ይቀለኛል ብዬ እዚሁ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ ምድጃ ጋገርሁት፤ ሌሊቱን ስለምንነሣ ከነትኩሳቱ በላስቲክ ጠቀለልሁት።

በሦስተኛው ቀን ላስቲኩ ሲፈታ የወጣው ሽታ እንደ ረገፈ ዘይቱን የሚጣፍጥና የሚያስቀይም ነበር። ጠርዙ አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቷል። መሐሉን ስቆርሰው ዝልግልግ ብሎ ክር እየሳበ ተከተለኝ። ለድሃ የተሳሉትን ዳቦ ለድሃ መስጠት አይቻል፤ ዳቦ መጣልም በእኛ አገር ነውር ነው። አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናት አይተው ምንም አላሉኝም። ከከረጢታቸው እፍኝ ዳቦ ቆሎ ዘግነው እጄ ላይ አደረጉልኝ። ከቤታቸው ከወጡ አምስተኛ ቀናቸው እንደሆነ ነገሩኝ። ዳቦ ቆሏቸው ግን ዛሬ የተቆላ ይመስል ጥርስ ላይ ይሰበር ነበር።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያች እፍኝ ዳቦ ቆሎ ናት።

ስለ ግሸን ብዙ ተጽፏል። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ዐፄ ዳዊት ያስመጡት ግማደ መስቀል በልጃቸው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዓመት፣ መስቀል በሚመስለው በዚህ አምባ ላይ ዐረፈ። ታሪኩን የያዘው መጽሐፈ ጤፉትም የሚታወቀው ከዚሁ ደብር ጋር ነው። ሁለተኛው የግሸን ታሪክ የእስር ታሪክ ነው። የንጉሥ ልጆችና ወንድሞች ዙፋን እንዳይሻሙ በአምባው ላይ ይጠበቁ ነበር። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለዚሁ የመሳፍንት ተራራ ጽፏል፤ መንገድ ስተው ወደ አምባው የተጠጉ ጊዜ በድንጋይ መባረራቸውንም ይተርካል። መጽሐፉ ሊዝበን ላይ የታተመው በ1540 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ገደማ አምባው በኢማም አሕመድ ሠራዊት እጅ ወደቀ።

መስቀሉም ተጽፏል፤ መሳፍንቱም ተጽፈዋል። ለመሆኑ ያን ገደል ወጥቶ የሚኖረው፣ የሚጠብቀው፣ የሚሳለመው ሕዝብ ምን በልቶ ወጣ? መኪና ከአምባው ግርጌ መድረስ ከመጀመሩ በፊት ምእመኑ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከትግሬ ለሳምንታት በእግሩ ሲጓዝ የመስከረም ጭጋግና የክረምቱ ርዝራዥ ዝናብ አብሮት ነበር። በዚህ ላይ ስንቁ ቢበላሽ የሚመለስበት ቤት፣ የሚገዛበት ሱቅ የለም። ስንቅ ማለት እንግዲህ ዋዛ አልነበረም።

መንገደኛው የያዘውን አንድ በአንድ ብንመለከት አንድ ሕግ እናገኝበታለን። ዳቦ ቆሎ ሊጡ በትንሹ ተቆራርጦ ውሃው እስኪያልቅ በምጣድ የሚቆላ ነው። ድርቆሽ አንዴ የበሰለው እንጀራ እንደገና ፀሐይ ላይ የሚሰጣ ነው። በሶ የተቆላ ገብስ ዱቄት ስለሆነ ውሃ የሚያገኘው ሊበላ ሲል ብቻ ነው። ጭኮም በሶው ውሃ ሳይነካው በቅቤ የሚለወስ ነው። የሁሉም ጠላት አንድ ነው፤ ውሃ። ሻጋታም ሆነ ሌላው በዓይን የማይታየው ሕይወት ያለ እርጥበት አይራባም። ይህን ያወቁት የእኛ እናቶች ብቻ አይደሉም፤ የባሕር ተጓዥ ስንቅ የነበረው ብስኩት ስሙን ያገኘው «ሁለት ጊዜ የበሰለ» ከሚል የላቲን ቃል ነው። ድርቆሽና ብስኩት ሳይተዋወቁ አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዐፄ ምኒልክ ለዐድዋ ዘመቻ በ1888 ዓ.ም. በጥቅምት ሠራዊቱ ወሎ ውስጥ ወረኢሉ ላይ እንዲከትላቸው ባዘዙ ጊዜ፣ ዘመቻው በአብዛኛው የተመካው ወታደሩ ከየቤቱ ይዞት በሚመጣው ስንቅ ነበር። ዐዋጁ ወንዱን ሲጠራ የሴቲቱን ምጣድና ወፍጮም ጠርቷል። የጦሩ ታሪክ ሲጻፍ ግን ምጣዱ ከገጹ ላይ ወደቀ።

አይብና ቅቤ ደግሞ ከዚሁ ሕግ ጋር የሚሄዱ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም ከአንድ እርጎ ይወጣሉ። ቅቤው ተነጥሮ ውሃው ሲያልቅለት ወራት ይቆያል፤ ከአሬራው በዝግታ እሳት የሚወጣው አይብ ግን አጓቱ ቢጠልለትም አብዛኛው አካሉ ውሃ ነው። ስለዚህ የግሸን መንገደኛ ቅቤውን በጭኮ ያዘ፤ አይቡን ግን እቤቱ በልቶት ወጣ።

አይብ በዱቄት ሲጋገርም ጠባዩን አይለቅም። ሮማዊው ካቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ160 ገደማ በጻፈው የእርሻ መጽሐፍ ውስጥ ሊበም የሚባል የመሥዋዕት ኅብስት አሠራር አለ። ሁለት እጅ አይብ፣ አንድ እጅ ዱቄትና አንድ እንቁላል ይለወሳል፤ ከሥሩ ቅጠል ይነጠፍለታል፤ በሸክላ ተከድኖ በጋለ ምድጃ ላይ በዝግታ ይበስላል። ይህን ሳነብ ኮባ ላይ ተኝቶ፣ ከላይና ከታች እሳት ይዞ የሚበስለው የአገሬ ድፎ ዳቦ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ያም ለአምላክ የሚቀርብ፣ ይህም ለበዓልና ለስለት የሚቆረስ ነው። ሁለቱም ትኩስነታቸው ሳያልፍ እንዲበሉ የተጋገሩ እንጂ ለረዥም መንገድ የታሰቡ አይደሉም።

የዚያ ኅብስት የሩቅ ዘመድ ዛሬ በአዲስ አበባ ኬክ ቤቶች መስታወት ውስጥ ተቀምጦ የምናየው ቺዝ ኬክ ነው። እሱም የሚበላሸው በችኮላ ነው። እሳቱ ሲበረታ እንቁላሉ ይጨማደድና ፊቱ ይሰነጠቃል፤ ከምድጃው ተጎትቶ ድንገት ብርድ ሲያገኘውም እንዲሁ። ጋጋሪዎቹ ድስቱን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁመው በለዘብተኛ እሳት ያበስሉታል፤ መሐሉ ጥቂት እየተንቀጠቀጠ ሳለ እሳቱን አጥፍተው ቀስ ብሎ እንዲበርድ ይተዉታል። ከዚያ ተከድኖ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ማቀዝቀዣ ይገባል፤ በጥቂት ቀናትም ይበላል። ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ እንደሆነ ለእንግዳ አይቀርብም፤ ሽታው ሳይለወጥ ሊያሳምም ይችላልና።

ወደ እኔ ዳቦ ልመለስ። ከግሸን ተመልሼ ለእናቴ የሆነውን ስነግራት አልተቆጣችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስትጠቀልይው ትኩስ ነበር?»

«አዎ፣ እማ።»

«እንግዲያውስ ዳቦው የገዛ ላቡን ጠጥቶ ነው።»

በኋላ ከመጻሕፍት ያገኘሁት ማብራሪያ ከዚህ ቃሏ ብዙም አይርቅም። ትኩስ ዳቦ ሲታፈን እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ቅርፊቱ ላይ ውሃ ሆኖ ይመለሳል። ሻጋታው ከአየርና ከእጅ የሚያርፍ ስለሆነ እርጥቡን ቅርፊት ሲያገኝ ይለመልማል። ክር ያወጣው መሐሉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በዱቄት ውስጥ የሚኖር አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ዘሩ የምድጃውን ሙቀት ተቋቁሞ ይተርፋል፤ ዳቦው በሙቀትና በእርጥበት ታፍኖ ሲውል ነቅቶ ልቡን ያዘለግልገዋል። የበሰበሰ ፍሬ የሚመስለው ሽታ የእሱ ነው። እንዲህ ያለውን ዳቦ ሻጋታውን ፍቆ መብላት አይገባም፤ የሻጋታው ሥር ለዓይን ከሚታየው ይልቃል።

ጥፋቴ በመጠቅለሉም አላበቃም። እሳቱን አብዝቼ ስለነበር ቅርፊቱ ጠቁሮ መሐሉ በወጉ አልበሰለም። እናቴ ብትሆን ስንጥር ሰክታ ሊጥ ይዞ አለመውጣቱን ታያለች፤ ሥሩን በጣቷ አንኳኩታ እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ እስኪሰጥ ትጠብቃለች። ከዚያም ሰፌድ ላይ አውጥታ፣ በስስ ጨርቅ ሸፍና፣ ሌሊቱን ታሳድረዋለች። አገልግል የሚገባው በማግስቱ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!

«ታዲያ ድሮ ከሩቅ የሚመጣው ሰው ድፎውን እንዴት ያደርስ ነበር?» አልኋት።

«ማን ድፎ ተሸክሞ ይሄዳል? የሚሄደው ዱቄቱ ነው። ድፎው የሚጋገረው ከደረሱ በኋላ ነው፤ ለመንገዱማ ቆሎው አለ።»

ለካ ዱቄቱን ቋጥራ ስትሰጠኝ የሰጠችኝ የአሠራር ደንብ ኖሯል፤ እኔ ግን የተማርሁ ነኝና አልሰማኋትም። በሚቀጥለው ዓመት መስከረም እንደገና ዱቄት ቋጥራ ሰጠችኝ። ደሴ አክስቴ ቤት ጋገርነው፤ ሰፌድ ላይ አደረ፤ በአገልግል ወጣ። መስከረም 21 ቀን 2011 ዓ.ም. ግሸን ላይ ስቆርሰው የኮባው ሽታ ገና አልጠፋም ነበር። ለመንገዴ የያዝሁት ዳቦ ቆሎ ነበር፤ እፍኝ ሙሉ ዘግኜ ላድላቸው እኒያን እናት በዓይኔ ብፈልግ አላገኘኋቸውም።

አንባቢ ሆይ! የግሸን መስቀልና የመሳፍንቱ እስር ጸሐፊ አላጡም። ስንቁ ግን የተጻፈው በእናቶቻችን እጅ ላይ ብቻ ነው፤ እነርሱም እያረጁ ነው። እናትዎ ወይም አያትዎ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠጋ ብለው ይጠይቋቸው፤ የሚነግሩዎትንም ይጻፉት።