ሞራና ፏፏቴ

ከዕድሜ ጋር ከሚመጡት የዓይን ደዌዎች መካከል እንደ ሞራ ስሙ ታሪክ ያዘለ የለም። ቃሉ የመጣው ከእርድ ነው። በግ ወይም ፍሪዳ ሲታረድ ጨጓራውን ሸፍኖ የሚገኘው መረብ መሰል ስስ ስብ ሞራ ይባላል። የጥንት ሰዎች በሽማግሌ ብሌን ውስጥ ነጭ ነገር ባዩ ጊዜ ይህንኑ አስታወሱና የዓይን ሞራ አሉት። እኔ በተወለድኩባት በጢቾና በመላው የአርሲ ደጋ ደግሞ ሞራ የሚነበብም ነገር ነው። ሞራ ገላጮች የታረደውን ከብት ሞራ ዘርግተው መጪውን ዘመን ይመረምሩበት ነበር። ነገን ያሳያል የተባለውና ዛሬን የሚጋርደው በአንድ ስም መጠራታቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ሌላው ዓለም በዚያው ነጭ ነገር ውስጥ ያየው ውኃን ነው። የዐረብ ሐኪሞች ከራስ ወደ ዓይን የወረደ ውኃ ነው ብለው ጻፉ፤ በመካከለኛው ዘመን መጻሕፍታቸውን ወደ ላቲን የመለሱት ሰዎች ደግሞ «ካታራክታ» አሉት፤ ፏፏቴ እንደ ማለት ነው። ሕክምናውም በመርፌ ነበር። በሱሽሩታ ስም የሚታወቀው ጥንታዊ የሕንድ የሕክምና መጽሐፍ አሠራሩን ይገልጻል፤ መርፌው ግን ግርዶሹን ወደ ዓይን ጓዳ ይገፋዋል እንጂ አያወጣውም። ታላቁ ሙዚቀኛ ባኽ እ.ኤ.አ. በ1750 ጆን ቴይለር በተባለ ተዘዋዋሪ እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም እጅ ላይፕሲግ ላይ ሁለት ጊዜ ታከመ፤ ብርሃኑ አልተመለሰለትም፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ዐረፈ።

አንባቢ ሆይ፣ ሁለቱም ስሞች ተሳስተዋል። ነገሩ ስብም ውኃም አይደለም። ከብሌን ኋላ ያለው፣ ስንወለድ እንደ ብርጭቆ የጠራው የዓይናችን ሌንስ ራሱ ነው፤ የእንቁላል ነጩ ሲበስል እንደሚነጣ፣ እርሱም በዕድሜ ብዛት ይደፈርሳል። ፈረንሳዊው ብሪሶ እ.ኤ.አ. በ1705 የሙት ዓይን ከፍቶ ይህን አየ። የአገሩ ሰው ዳቪየል እ.ኤ.አ. በ1747 የደፈረሰውን ሌንስ ቆርጦ አወጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን መስኮት ስባሪ በአብራሪዎች ዓይን ውስጥ ገብቶ ሳያስቆጣ መቅረቱን ያስተዋለው እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሪድሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1949 ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ በሰው ዓይን ውስጥ አኖረ።

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ የባንክ መስኮቴ ነው። ጡረታቸውን ሊቀበሉ የሚመጡ አባቶችና እናቶች ብሩን ወደ ብርሃን አስጠግተው ያገላብጣሉ። ስለ ዓይናቸው ስጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «እርጅና ነው፣ ልጄ»። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያውያን 1.6ቱ ዓይነ ስውር መሆናቸውን፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ሞራ መሆኑን አሳይቷል። ግማሽ ያህሉ ማለት በቀዶ ሕክምና ሊመለስ የሚችል ብርሃን ማለት ነው።

ስሙ የሚያሳስተን እዚህ ላይ ነው። ሞራ ሲባል ከላይ የተነጠፈ ስስ ነገር ይመስለናል፤ ስለዚህ ቅጠል ጨምቀን እናንጠባጥባለን፣ አዋቂ እንዲገፍልን እንሻለን። ሌንሱ ግን ከውስጥ ነው፤ ጠብታ አያጠራውም። «እስኪበስል ጠብቁ» የሚለውም ምክር የድሮ ዘዴ ትራፊ ነው፤ ዛሬ ዕይታው ኑሮን ማወክ ከጀመረ መጠበቅ አያስፈልግም። ደግሞም የፈዘዘ ዓይን ሁሉ ሞራ አይደለም። ከአርባ ዓመት በኋላ የመጽሐፍ ፊደል ቢደበዝዝ መነጽር ይበቃ ይሆናል። ግላኮማ ግን ያለ ሕመም ከዳር ወደ መሐል ብርሃንን ይሰርቃል፤ የሰረቀውንም አይመልስም። ሦስቱን ለይቶ የሚነግረን ምርመራ ብቻ ነው።

ሞራ የሚለውን ስም እንተው አልልም፤ ከምድራችን የበቀለ ቃል ነው። የምለምነው «እርጅና ነው» የሚለውን መልስ በዝምታ እንዳንቀበል ነው። እንዲህ የሚል አባት ወይም እናት በቤቱ ያለ ሰው፣ እጃቸውን ይዞ ወደ ዓይን ሐኪም ይውሰዳቸው።