ቪላን

ቪላን (ምናባዊ የአካባቢ ኔትዎርክ) አንድን ስዊች ወይም እርስ በርስ የተያያዙ ስዊቾችን፣ ተጨማሪ ዕቃ ሳይገዛ፣ በቅንብር ብቻ ወደ ተለያዩ ኔትዎርኮች የመክፈያ ዘዴ ነው። በአንድ ስዊች ላይ የተሰኩ ሁለት ኮምፒውተሮች በተለያየ ቪላን ከተመደቡ፣ በማይገናኙ ሁለት ስዊቾች ላይ እንደተሰኩ ይቆጠራሉ። ይህ ልየታ የሚጸናው ግን ፖርቶቹ በትክክል እስከተዋቀሩ ድረስ ብቻ ነው።

ጥቅም

ባልተከፈለ ስዊች ላይ አንድ ኮምፒውተር ለሁሉም የሚልከው መልእክት (ብሮድካስት) ወደ ሁሉም ፖርቶች ይሰራጫል። መሣሪያዎች ሲበዙ መስመሩ ይጨናነቃል፤ እንግዳ የያዘው ላፕቶፕም ከሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር ጋር በአንድ ኔትዎርክ ላይ ይውላል። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት ለምሳሌ ሒሳብ ክፍልን በቪላን 10፣ ሌሎች ሠራተኞችን በቪላን 20፣ የእንግዶች ዋይፋይን በቪላን 30 ሊለይ ይችላል።

አሠራር

የቪላን መስፈርት አይ ትሪፕል ኢ 802.1ኪው ሲሆን መጀመሪያ የወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። በመስፈርቱ መሠረት በኢተርኔት ፍሬም ላይ የ4 ባይት ምልክት (ታግ) ይጨመራል። ከዚህ ውስጥ 12 ቢት የቪላኑን ቁጥር ይይዛል። በ12 ቢት 4096 ቁጥሮች ቢገኙም 0 እና 4095 ለሌላ ተግባር የተያዙ ናቸው፤ ለቪላን የሚያገለግሉት ከ1 እስከ 4094 ያሉት ናቸው።

ፖርቶች በሁለት ይከፈላሉ፦

አክሰስ ፖርት፦ የአንድ ቪላን ብቻ ነው። ኮምፒውተርና ፕሪንተር የሚሰኩበት ሲሆን ፍሬሞቹ ታግ የላቸውም።

ትራንክ ፖርት፦ ስዊችን ከስዊች ወይም ከራውተር ያገናኛል። የብዙ ቪላኖችን ፍሬሞች በታግ እየለየ ያሳልፋል። ታግ ሳይኖረው የሚመጣ ፍሬም «ኔቲቭ ቪላን» ለተባለው ይመደባል።

አወቃቀር

1. ቪላኖቹ በቁጥርና በስም ይፈጠራሉ።
2. እያንዳንዱ የተጠቃሚ ፖርት አክሰስ ተደርጎ ለቪላኑ ይመደባል።
3. በስዊቾች መካከል ያለው ፖርት ትራንክ ይደረጋል፤ የሚያልፉት ቪላኖችም ይዘረዘራሉ።
4. ለእያንዳንዱ ቪላን የራሱ የአይፒ አድራሻ ክልል ይሰጣል። በቪላኖች መካከል መገናኘት የሚቻለው በራውተር ወይም በሌየር 3 ስዊች በኩል ብቻ ስለሆነ፣ ማን ከማን ጋር ይገናኝ የሚለው ገደብ የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው።
5. ቅንብሩ በቋሚነት ይቀመጣል። ካልተቀመጠ ስዊቹ ጠፍቶ ሲነሳ የተሠራው ሊጠፋ ይችላል።

የተለመዱ ስህተቶች

በሲስኮ ስዊቾች ላይ በትራንክ አዲስ ቪላን ሲፈቀድ «ጨምር» የሚለው ቃል ከትእዛዙ ከተዘነጋ፣ አዲሱ ዝርዝር ነባሩን ይተካዋል፤ ቀድሞ ያልፉ የነበሩት ቪላኖች ሁሉ ይቋረጣሉ። ፖርቶች የተመደቡበት ቪላን ሲሰረዝ ደግሞ ፖርቶቹ ወደ ቪላን 1 አይመለሱም፤ ሥራ ያቆማሉ።

በትራንኩ ሁለት ጫፎች ኔቲቭ ቪላኑ ከተለያየ የአንዱ ቪላን ፍሬም ወደ ሌላው ሊገባ ይችላል። ተጠቃሚዎች በኔቲቭ ቪላን ውስጥ ካሉም አጥቂ በአንድ ፍሬም ላይ ሁለት ታግ ደርቦ ወደ ሌላ ቪላን ሊልክ ይችላል። ይህን ለመከላከል ኔቲቭ ቪላኑ ማንም የማይጠቀምበት ቁጥር ይደረጋል፤ የተጠቃሚ ፖርቶች ራሳቸውን ወደ ትራንክ እንዳይለውጡ በአክሰስ ይወሰናሉ፤ ሥራ ላይ ያልዋሉ ፖርቶችም ይዘጋሉ።