ሌናፔ፦ ከገበያ የተመለሰው ድንች
እ.ኤ.አ. በ1967 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣው ሌናፔ የተባለው የድንች ዝርያ፣ ደረቅ ይዘቱ ከፍ ያለ፣ ሲጠበስም ወርቅማ በመሆኑ ለችፕስ ፋብሪካዎች እጅግ ተስማሚ ሆኖ ተገኝቶ ነበር። በዘር ሐረጉ ውስጥ ቻኮኤንሴ የሚባል የደቡብ አሜሪካ የዱር ድንች አለ፤ ዳሩ ግን ከመልካሙ ጠባይ ጋር መርዙም አብሮ ወረደ።

ድንች ራሱን ከተባይ የሚከላከለው ሶላኒንን በመሳሰሉ መራራ መርዞች ነው። ዛሬ የተለመደው ወሰን በ100 ግራም 20 ሚሊግራም ሲሆን በሌናፔ ላይ ወደ 30 የሚጠጋ ተገኘ። ይህን ደግሞ መቀቀልም ሆነ መጥበስ አያጠፋውም። ስለዚህ በ1970 ዝርያው ከገበያ ተሰበሰበ። በዚያ ዘመን አዳቃዮች አስቀድመው የሚመለከቱት ምርቱን፣ መልኩንና በሽታ መቋቋሙን ነበርና፣ መርዙ የተለካው ዝርያው ከተለቀቀ በኋላ መሆኑ እኔን ብዙም አያስደንቀኝም።

የሌናፔ ዘር ግን አልጠፋም፤ ከእርሱ የተዳቀለው አትላንቲክ እስከ ዛሬ ለችፕስ ይዘራል።